ሦስተኛው በሞቴ

ከብሎካችን ሥር ያለችው ቁርስ ቤት ባለፈው ወር ታደሰች። ወንበሮቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ፍርፍሩም ያው ነው። ባለቤቱ ገንዘቡን ያፈሰሰው ግድግዳው ላይ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ትልቅ ፎቶ ለጥፎበታል፦ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ባሕሩ የተንጋደደ የኮኮናት ዛፍ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ መሀሉ ሰማያዊ የሆነ ውሃ፣ ራቅ ብሎም አንድ ነጭ መርከብ። የጀሞ ወጣት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ከመያዙ በፊት እዚያ ጋ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። አስተናጋጇ ልጅ እኔንም አልማረችኝም።

«እማማ፣ ላንሳዎት? ውጭ አገር የሄዱ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

«ሄጄ አውቃለሁ» አልኳት።

«የት?»

«እዚያ» ብዬ በጣቴ መርከቡን አሳየኋት። አሸዋውን አይደለም፤ መርከቡን። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ ቤት ስገባ አቀማመጤ እንደዚያው ነው።

ባሕር ያየ ሰው ልቡ ይከፈታል ይላሉ። የእኔ ይዘጋል። የደሴቶቹን ስም አሁን ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሙሽሮች ይሄዱባቸዋል፣ በስልካቸው እያነሱ ለእኛ ለቀረነው ያሳዩናል። እኔ ግን ስማቸውን አልጠራም። ደሴቶቹ አልበደሉኝም፣ ይህን አላጣሁትም። ሰው ግን የተቀየመውን ሰው ብቻ ሳይሆን የተቀየመበትንም ቦታ ይጠላል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ የዓረብ አገር ከተማ ውስጥ፣ ሦስት ልጆች ባሉት ሀብታም ቤት በሠራተኝነት ተቀጥሬ ነበር። እዚያው ቤት አስካለ የምትባል የጎፋ ልጅ አብራኝ ትሠራለች። እሷ ወጥ ቤት ናት፤ እኔ ልጆቹንና ልብሱን እይዛለሁ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ፍራሽ ላይ፣ እግሯን ከራሴ እግሬን ከራሷ አድርገን ሁለት ዓመት ተኛን። በሰው አገር የአገር ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ያላየው አያውቀውም። ከእሷ የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። በኋላ የቆጨኝም ይኸው ነው፤ ሳታውቅ ቢሆን ኖሮ ይቅር እላት ነበር።

ሀና ማርያም ያለችው እናቴ በዚያን ሰሞን ሞቻለሁ ብላ ታምን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን እንደኔው ጽጌ የምትባል ሌላ ልጅ፣ እሷም ወደ ዓረብ አገር ሄዳ፣ በሳጥን ተመለሰች። «ጽጌ ሞተች» የሚለው ወሬ ሲዞር ሲዞር እናቴ ጆሮ ገባ። ወንድሜ ለቅሶው ቤት ድረስ ወስዶ የሟቿን ፎቶ አሳያት፤ አላመነችም። «የእኔዋም ሳጥን መንገድ ላይ ይሆናል» አለች። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ «ደብዳቤ ማንም ይጽፋል» አለች። ፎቶ ላክሁ፤ «በደህናው ጊዜ የተነሣችው ነው» አለች። ማንበብ አትችልም፣ የእኔን እጅ ጽሑፍ ከሌላ ሰው አትለይም፣ ምን ታድርግ? ወንድሜ መልስ ሲጽፍልኝ የእሷን ቃል እንዳለ አሰፈረልኝ፦ «ወረቀት አልፈልግም። ድምጿን አሰሙኝ።»

ድምፅ ማሰማት ቀላል ይመስላል። ማዳም ስልኩን የምታስቀምጠው ቆልፋበት ነበር። ብቻችንን ከግቢ መውጣትም አይፈቀድልንም። እንግዲህ ባልየው ቤተሰቡን በመርከብ ሊያንሸራሽር የወሰነው በዚህ መሀል ነው። ትልቋ ልጅ የጉዞውን ፕሮግራም የያዘ ባለ ቀለም ወረቀት አሳየችኝ፤ በየቀኑ አንድ ሥዕል አለ። አንዱ ቀን ላይ የኮኮናት ዛፍ ተስሎበታል፤ መርከቡ ደሴቶቹ ጋ ቆሞ ሰው እየወረደ የሚውልበት ቀን ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ግንቦት ልደታ ሆነ። ከአጥራችን ማዶ የምትሠራ ልጅ ጠቅልላ ወደ አገር ቤት ልትገባ ነበርና በግንቡ ላይ መልእክት ላክሁባት፦ በልደታ ለት፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ እናቴ እትዬ ጦቢያ ቤት ትቀመጥ፤ እደውላለሁ። በሰፈራችን ስልክ ያላቸው እትዬ ጦቢያ ብቻ ነበሩ። ቁጥራቸውን ካገር ስወጣ ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ።

የመርከቡን ነገር ማስረዘም አልፈልግም። እላይ ሙዚቃና ፍራፍሬ ነው፤ እኛ የተኛንባት ክፍል መስኮት አልነበራትም። የዘይትና የሳሙና ሽታ በአየር ማስገቢያው ይመጣል። አስካለን ገና በመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ጣላት። የገባውን ሁሉ ታስመልሳለች። የምታቆየው ነገር ቢኖር ደረቅ ዳቦ በበርበሬ ብቻ ነበር፤ በርበሬውም እናቴ ስሸኝ የሰጠችኝ፣ በወተት ቆርቆሮ ይዤው የምዞረው የመጨረሻው ጭላጭ ነው። ለሷ አደረግሁት። ግንባሯን ይዤ፣ ባልዲ እያቀረብኩ፣ «አይዞሽ፣ ልደታ ለት መሬት እናያለን» እላታለሁ። ክፍሎቹን የምታጸዳ አንዲት ፊሊፒናዊት በተሰባበረ ዓረብኛ ነግራኝ ነበር፤ ከጀልባ ሲወረድ ፊት ለፊት ፖስታ ቤት አለ፣ ውስጡ ስልክ አለ። ይህንንም ለአስካለ ነገርኳት።

ልደታ ነጋ። መርከቡ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሰውን በትንንሽ ጀልባ ማመላለስ ጀመሩ። ልጆቹን ይዤ ወደ ላይ ስወጣ ደሴቲቱን አየኋት። ተራራዋ ከእርጥበቱ የተነሣ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ አሸዋው እንደ ዱቄት ነጥቷል፤ የቤቶቹ ጣሪያ ቀይ ነው። ነፋሱ የበሰለ ፍሬና የእንጨት ጭስ ሽታ ይዞ መጣ። የእንጨት ጭስ ሲሸተኝ ሰፈሬ ትዝ አለኝ። በዚያች ሰዓት ሀና ማርያም ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ የልደታን ንፍሮ ይቀቅላል፤ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ እትዬ ጦቢያ ቤት ለመሄድ ሰዓቱን እየጠየቀች ይሆናል።

ወደ ክፍላችን ስመለስ ማዳም በራችን ላይ ቆማለች። ኮፍያ አድርጋለች፤ ክንዷ ላይ ለማታው ግብዣ የሚተኮስ ልብስ ተከምሯል።

«አንዳችሁ ከልጆቹ ጋር ትወርዳላችሁ። አንዳችሁ ቀርታ ይህን ትተኩሳለች። ቶሎ ተነጋገሩ» አለችን።

አሁን የምነግራችሁን የእኛ ሰው ይረዳኛል፤ ሌላው ዓለም ግን እብድ ይለኛል። እኔ ያደግሁት እንቢ በማለት ነው። ሰው ቤት ሄደን ማዕድ ሲቀርብ፣ አንጀታችን እየጮኸ፣ «በልተናል» እንላለን። ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትላለች። «ኧረ በእውነት» እንላለን። «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» ትላለች። እንዲህ እያልን ሦስተኛው ላይ እጃችንን እንታጠባለን። በመጀመሪያው የታጠበ ልጅ እቤት ሲገባ ጭኑን ይቆነጠጣል። የራስን ተራ ለሌላ መስጠትም እንደዚያው ነው፤ «አንቺ ቅደሚ» ይባላል፣ «ኧረ አንቺ» ተብሎ ይመለሳል፣ መጨረሻ ላይ ባለ ጉዳዩ ያልፋል። ማንም አይጎዳም። ሁለቱም ደንቡን ካወቁ።

አስካለን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ከንፈሯ ደርቋል። እና ይሉኝታ የሚባለው ነገር አፌን ከፈተው።

«አስኩ፣ አንቺ ሂጂ» አልኩ።

«ኧረ በሞቴ፣ ምን ነካሽ፣ እናትሽ እየጠበቁሽ!» እንድትለኝ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ብትለኝ በቂዬ ነበር። ሦስት አላስፈለገኝም።

«እሺ» አለች አስካለ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ትፈልግ ጀመር።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ማዳም የልብሱን ክምር ክንዴ ላይ ጣለችውና ሄደች። «ቆይ፣ እኔ ልሂድ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ቀልድ እንደሆነ፣ አሁን እንደምትመልስልኝ እያሰብኩ አስካለ የጫማዋን ማሰሪያ ስታጠብቅ ቆሜ አየኋት። ቀና ስትል ዓይኔን ሸሸችው።

«ቁጥሩን ስጪኝ፤ እኔ ደውዬ ደህና መሆንሽን እነግርልሻለሁ» አለችኝ።

ምርጫ አጣሁና በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ሄደች።

መተኮስ ጀመርኩ። የማዳምን የሐር ቀሚስ ዘርግቼ፣ ካውያውን ይዤ፣ አስካለ እንዴት አድርጋ እንደምትናገር በሐሳቤ ሰማሁት። «ሃሎ፣ የጽጌ እናት ነዎት? አይደንግጡ። ጽጌ ደህና ናት።»

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚረዳ የማያውቅ አለ? ማንም ብድግ ብሎ «ሞተች» አይልም። መጀመሪያ የማያውቁት ድምፅ ይመጣል። «አይደንግጡ» ይላል። «ደህና ናት» ይላል። ቀጥሎ «ትንሽ አሟት ነበር» ይመጣል፤ በነጋታው ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎች ደጅ ይቆማሉ። ልጄ ሞታለች ብላ ለምትጠብቅ እናት፣ ልጅየዋ ራሷ ልትደውል በተቀጠረበት ሰዓት፣ ሌላ ሴት ደውላ «ደህና ናት» ካለቻት ምን ትሰማለች?

ካውያውን ቀሚሱ ላይ ትቼው ሮጥኩ። ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣሁ። የመጨረሻዋ ጀልባ የመንገዱን ግማሽ ሄዳለች። የአስካለ ቢጫ ሻሽ ይታየኛል። «አስካለ! አትደውዪ! አስካለ!» ብዬ በአማርኛ፣ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተጋደሙ ነጮች ቀና ብለው አዩኝ። አንዱ ሽማግሌ ሰላም የምል መስሎት እጁን ወደ ጀልባዋ አውለበለበ። ቢጫዋ ሻሽ አልዞረችም።

ስመለስ ክፍሉ በጭስ ተሞልቷል፤ ቀሚሱ የካውያውን ቅርፅ ይዞ ተቃጥሏል። ለዚያ ያገኘኝን ቅጣት ዛሬ አልቆጥረውም። በጥፊ ስትመታኝ እንኳ የማስበው ሌላ ነበር።

አስካለ ያመሸችው እስከ ፀሐይ መግቢያ ነው። ስትገባ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል፣ ፀጉሯ ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል፣ ከንፈሯ ደም መልሷል። ድና መጣች። ጫማዋን ስታወልቅ አሸዋው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ደወልሽ?»

«ደወልኩ። አንዲት ሴትዮ አነሱና ለእናትሽ ሰጡልኝ። ጽጌ ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም፣ አይደንግጡ አልኳቸው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ጮኹ።»

«እንዴት ያለ ጩኸት?»

«በደስታ ነዋ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

አሸዋውን እኔ ጠረግሁት። ከዚያች አገር እጄ የነካው እሱን ብቻ ነው።

የሆነውን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። እናቴ የስልኩን መያዣ ጥላ እየጮኸች ደጅ ወጣች። ሰፈሩ ደግሞ ለልደታ ተሰብስቦ ደጅ ነበርና ሌላ ጠሪ አላስፈለገም። ንፍሮው ከነብረት ድስቱ ወደ ለቅሶ ቤት ዞረ፤ እድሩ ድንኳን ጣለ። ሦስት ቀን አለቀሱልኝ። ወንድሜ «ደህና ናት ነው እኮ የተባለው» ቢል የሚሰማው ጠፋ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲያውም «አይ የልጅ ነገር» እያሉ አዘኑለት። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች።

እኔ ስልክ ያገኘሁት ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ የቤቱ ሹፌር አዝኖልኝ ከአንድ ሱቅ አስደወለኝ። እትዬ ጦቢያ ድምፄን ሲሰሙ አማተቡ። እናቴ ተጠርታ መጣች፤ ስልኩን ግን አልቀበል አለች። «ማንን ቀጥራችሁ ነው?» ስትል ከሩቁ ይሰማኛል። በስንት ልመና ጆሮዋ ላይ አደረጉላት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

በቀጭን ድምፅ፣ «ግንባርሽ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን የመጣ ነው?» አለችኝ።

እሷ ለሰው ሁሉ ስትናገር የኖረችው ከደፍ ላይ ወድቃ ነው እያለች ነው። አባቴ እንኳ ያንን ነው የሚያውቀው። «አንቺ በማማሰያ መትተሽኝ ነው» አልኳት።

እንደዚያን ጊዜ ያለ ለቅሶ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ሁለታችንም ሌላ ቃል ሳንነጋገር ሰዓታችን አለቀ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ሰው «ደህና ነው» ሲላት አታምንም ነበር። አገር ቤት ገብቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ለገበያ ሄጄ ስመለስ እንኳ ከበር ላይ «መጣሁ» ካላልኩ ትቆጣለች። ፀጉሯም ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልበቀለም። አስካለም ተመልሳ አገሯ ገባች። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደግሞ ምን ያህል ቀልደኛ እንደሆነ እዩልኝ፤ ጀሞ ላይ፣ ከእኔ ብሎክ ቀጥሎ ያለው ብሎክ ላይ ጣላት። አንድ እድር ነን። ያ ነገር ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዛሬም በአንገት ብቻ ሰላም እንባባላለን። የዛሬ አራት ዓመት እናቴን ስቀብር መጥታ ድንኳኑ ጥግ ቆመች። እጄን አልሰጠኋትም። በዕድሜዬ እንደ እሷ የጠላሁት ሰው የለም፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት እንግዲህ ቁርስ ቤቷ ውስጥ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ የጾም ፍርፍሬን ልጀምር ስል አስካለ ገባች። ከዘራ ይዛለች። ቤቱ ሞልቷል፤ ባዶ የነበረችው ፊት ለፊቴ ያለችው ወንበር ብቻ ናት። አስተናጋጇ ሳትጠይቀኝ አስቀመጠቻት። ተቀመጠች፣ ሻይ አዘዘች፣ ቀና ስትል ግድግዳውን አየችው።

«እንዲህ አልነበረም» አለች፣ ለራሷ ይመስላል። «አሸዋው ያቃጥል ነበር።»

ሳላስበው «ዛፉስ?» አልኳት።

«ዛፉን ልብ አላልኩትም። መሬቱ አይነቃነቅም፤ እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው። ተቀምጬ በእጄ ያዝኩት።»

ፍርፍሩ መሀላችን ይጨሳል። ብቻ መብላት ነውር ነውና ሳህኑን በጣቴ ገፋ አድርጌ፣ «ቅመሺ» አልኳት።

«በልቻለሁ» አለች። ያልበላች ሰው አፍ አውቃለሁ። ከዚያ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ፣ «ጽጌ፣ ያን ለት እኮ አንድ ጊዜ ነው ሂጂ ያልሽኝ» አለች።

«አንድ ጊዜ ነው። መልሺልኝ ብዬ ነበር።»

«አውቄአለሁ። ብመልስልሽ እሺ ትያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። አንድ ቀን እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ብጨምር የምሞት መስሎኝ ነበር።» ሻይዋን አማሰለች። «እናትሽም በደስታ እንዳልጮኹ አውቄአለሁ። ገና ሲጮኹ ነው ያወቅሁት። መልሼ ልደውል ግን አልደፈርኩም። ወጥቼ አሸዋው ላይ ዋልኩ።»

ይህን ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው ኖሬአለሁ። ታምናለች፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ሰውም ይሰማል ብዬ ነበር። የጮኸ የለም። ሴትየዋ አርጅታለች፤ ጣቶቿ ማንኪያውን በወጉ አይዙም። እኔም ያን ለት «እኔ ልሂድ» ለማለት አፍ እንደነበረኝ፣ እናቴን ሁለት ወር ጥቁር ያለበሳት የእኔም ጨዋነት እንደሆነ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ እንደማላውቅ ታወሰኝ። ያንን የምናገረው ለእናቴ ነበር እንጂ ለአስካለ አይደለም፤ እናቴ ደግሞ አሁን አትሰማኝም።

«ብዪ እንጂ፣ በሞቴ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ።

«ኧረ በእውነት ጠግቤ ነው» አለች። እጇን ግን ከከዘራው ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ አጠገብ፣ አስቀመጠች። ጠበቀች። ደንቡን ታውቃለች፤ ድሮም ታውቀው ነበር።

ሦስተኛው አፌ ውስጥ ነበር። እጇን አየሁት። የማዳም ልብስ ክንዴ ላይ ተከምሮ፣ አስካለ ጫማዋን ስታስር የጠበቅሁት ደቂቃ መጣብኝ። ሦስተኛውን ዋጥኩት።

አስካለ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። «ደህና ሁኚ» አለችኝ፣ ከዘራዋን ይዛ በወጣቶቹ መሀል አለፈች። ፍርፍሩን ብቻዬን በላሁት። ቀዝቅዞ ነበር።